አዲሱን ላፕቶፕ ከአዳራሹ የድሮ ፕሮጀክተር ጋር ማገናኘት

ተማሪዎች የመመረቂያ ጽሑፋቸውን የሚያቀርቡበት የዲፌንስ ሰሞን በመጣ ቁጥር እኛ አዳራሽ ውስጥ የሚደጋገም ነገር አለ። ተማሪው አዲስ ላፕቶፕ ይዞ ይመጣል። አንዳንዱ አሜሪካ ያለች እህቱ የላከችለት ነው፤ ስስና ቀላል። ጎንና ጎኑን ያገላብጠዋል፣ ከጣሪያ የወረደውን ባለ ሰማያዊ ራስ ገመድ የሚሰካበት ቦታ ግን የለም። ፈታኞቹ ተቀምጠዋል፣ ሰዓቱ ይሄዳል። የአዳራሹን ዕቃ የምከታተለው እኔ ነኝና ይህ ጭንቀት ከቤት ሳይወጡ ሊያልቅ እንደሚችል አውቃለሁ።

መናደዳችሁ ልክ ነው። ያ ሰማያዊ ገመድ ቪጂኤ ይባላል። አይቢኤም በ1987 እ.ኤ.አ. ያመጣው ነው፤ ከዚያ በኋላ ለረጅም ዘመን የትኛውንም ኮምፒውተር ከየትኛውም ስክሪን ጋር አገናኝቷል። በ2010 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ቺፕ ሠሪዎቹ ኢንቴልና ኤኤምዲ ከነዴልና ሌኖቮ ጋር ሆነው ቪጂኤን ቀስ በቀስ እንደሚተዉት አስታወቁ። አሁን ደግሞ ቪጂኤን የተካው መሰኪያ፣ ኤችዲኤምአይ ራሱ፣ ከቀጫጭኖቹ ላፕቶፖች ላይ እየጠፋ ነው። አፕል በ2016 እ.ኤ.አ. ከላፕቶፑ ከማክቡክ ፕሮ ላይ አንስቶት ተጠቃሚው ሲያማርር ከርሞ በ2021 እ.ኤ.አ. መልሶታል። የእኛ ፕሮጀክተር ግን በጨረታ የተገዛ ነው፤ ላፕቶፕ በተለወጠ ቁጥር አይለወጥም። አምፖሉ እስከበራ ድረስ የሚጣልበት ምክንያትም አይታየኝም።

ስለዚህ መፍትሔው ኮንቨርተር፣ ማለትም አንዱን መሰኪያ ወደ ሌላው የሚቀይር ትንሽ ዕቃ ነው። ግን የትኛው?

መጀመሪያ የላፕቶፑን ጎን እዩ። ኤችዲኤምአይ ካለው ቀላል ነው፤ ከኤችዲኤምአይ ወደ ቪጂኤ የሚቀይር ይበቃችኋል። ያለው ታይፕ ሲ፣ ማለትም ትንሿ ሞላላ የዩኤስቢ ቀዳዳ፣ ብቻ ከሆነ ትንሽ ተጠንቀቁ። ታይፕ ሲ ሁሉ ምስል አያወጣም፤ ቻርጅ ከማድረግና ፋይል ከማስተላለፍ የማያልፍ አለ። ቀዳዳው አጠገብ ተንደርቦልት የሚባለው የመብረቅ ምልክት ወይም የዲስፕሌይፖርት ምልክት (የእንግሊዝኛዎቹ ዲ እና ፒ ፊደላት) ካለ ምስል ያወጣል። ምልክት ከሌለ የላፕቶፑን ሞዴል ጽፋችሁ የአምራቹን ዝርዝር ተመልከቱ፤ ምልክት ሳይኖረው የሚሠራም አለና። ጭራሽ ምስል የማያወጣ ከሆነ በዩኤስቢ የሚሠራ፣ የራሱ ሶፍትዌር ያለው ኮንቨርተር አለ። ሶፍትዌሩን ግን ቤት ጫኑት፤ አዳራሽ ውስጥ ኢንተርኔት ልለምን አትበሉ።

ስትገዙ ብዙ ሰው የሚሸወድበት አቅጣጫው ላይ ነው። ከኤችዲኤምአይ ወደ ቪጂኤ የሚቀይርና ከቪጂኤ ወደ ኤችዲኤምአይ የሚቀይር የተለያዩ ዕቃዎች ናቸው፤ አንዱ የሌላውን ሥራ አይሠራም። እናንተ የምትፈልጉት ኤችዲኤምአዩ ወጣ ብሎ ላፕቶፕ ውስጥ የሚገባ፣ ቪጂኤው ደግሞ ቀዳዳ ሆኖ የአዳራሹን ገመድ የሚቀበል ነው። በአንድ ጫፉ ኤችዲኤምአይ፣ በሌላው ቪጂኤ ሆኖ መሀሉ ተራ ሽቦ ብቻ የሆነውንም ተዉት። ኤችዲኤምአይ ዲጂታል፣ ቪጂኤ አናሎግ ነው፤ መሀል ላይ የሚቀይር ቺፕ ያስፈልጋል። ላፕቶፑን ይዛችሁ ሂዱና ሱቁ ውስጥ ባለ ቪጂኤ ሞኒተር ላይ አስሞክሩ። ቪዲዮ የምታሳዩ ከሆነ የድምፅ ቀዳዳ ያለውን ምረጡ፤ በቪጂኤ ድምፅ አይተላለፍም።

ከዚያ ወደ አዳራሹ። ከተቻለ በዋዜማው ሄዳችሁ ሞክሩት።

የገመዱን ራስ ከመሰካታችሁ በፊት ዓይናችሁ ሥር አድርጋችሁ እዩት። ፒኖቹ፣ ማለትም ትንንሾቹ ሹል ሽቦዎች፣ በሦስት ረድፍ፣ አምስት አምስት ሆነው የሚደረደሩ ናቸው። ከመሀለኛው ረድፍ አንድ ጎድሎ ብታዩ አትደንግጡ፤ ብዙ ገመድ ሲሠራም እንዲሁ ነው። የተጣመመ ፒን ካለ ግን በግድ አትግፉት። በወረንጦ ቀስ አድርጋችሁ አቅኑት፣ ከዚያ ሰክታችሁ በግራና ቀኝ ያሉትን ብሎኖች በጣት አጥብቁ። ይህን የሚዘለው ብዙ ነው። ያልጠበቀ ገመድ ጠረጴዛው በተነቃነቀ ቁጥር ቀለም ያጠፋል፤ ነጩ ስላይድ ወደ ሮዝ ካደላ አረንጓዴው፣ ቢጫ ከሆነ ሰማያዊው እየደረሰ አይደለም ማለት ነው። ላፕቶፑንም ፕሮጀክተሩንም አትነካኩ፤ ገመዱን ነቅላችሁ መልሳችሁ ስኩት።

ምስል ካልመጣ በፕሮጀክተሩ ሪሞት ሶርስ የሚለውን ተጫኑና ኮምፒውተር ወይም ቪጂኤ የሚለውን ምረጡ። ላፕቶፑ ዊንዶውስ ከሆነ የዊንዶውስን ቁልፍ ከፒ ጋር ተጫኑና ሁለቱም ላይ አንድ ዓይነት ምስል የሚያሳየውን ምረጡ። ምስሉ ብልጭ ድርግም ካለ ወይም ጠርዙ ከተቆረጠ ከላፕቶፑ የስክሪን ማስተካከያ ገብታችሁ ሪዞሉሽኑን (የምስሉን የነጥብ ብዛት) ወደ 1024 በ768 አውርዱት፤ ብዙዎቹ የድሮ ፕሮጀክተሮች የተሠሩት ለእሱ ነው። ኮንቨርተሩ ተጨማሪ ኃይል የሚወስድበት ትንሽ ቀዳዳ ካለው እሱንም ዩኤስቢ ላይ ስኩት። የላፕቶፑ ድምፅ ድንገት ከጠፋ ደግሞ ድምፁ ወደ ኮንቨርተሩ ሄዷል፤ ከታች በቀኝ ካለው የድምፅ ምልክት ገብታችሁ ወደ ላፕቶፑ ስፒከር መልሱት።

ሁሉም እምቢ ቢል የአዳራሹ ኮምፒውተር አለ። ለዚህ ስላይዳችሁን በፍላሽ ይዛችሁ ኑ፣ ያውም ከፓወርፖይንቱ ጋር በፒዲኤፍም አስቀምጡት። የተጠቀማችሁበት የግዕዝ ፎንት እዚያ ኮምፒውተር ላይ ከሌለ ፓወርፖይንቱ ሲከፈት መስመሩ ሊዘበራረቅ፣ ፊደሉም ባዶ ሳጥን ሊሆን ይችላል፤ ፒዲኤፉ ግን እንዳስቀመጣችሁት ይከፈታል። ፍላሹ ላይ የምትገለብጡት ቤት ነው፤ ታይፕ ሲ ብቻ ያለው ላፕቶፕ ተራ ፍላሽም አይቀበልምና።

እንደ እኔ አዳራሽ ለምትጠብቁ አንድ ነገር ልጨምር። ሁለቱንም ኮንቨርተር፣ የኤችዲኤምአዩንም የታይፕ ሲውንም፣ ገዝታችሁ ከገመዱ ጋር በፕላስቲክ ማሰሪያ እሰሯቸው። ሳይታሰር የተቀመጠ ኮንቨርተር በሰው ቦርሳ ገብቶ ይሄዳል። ማሰሪያውን ግን አታጥብቁት፤ ተናጋሪው ላፕቶፑን ጠረጴዛው ላይ እንደልቡ ማዞር እንዲችል አንድ ስንዝር ያህል ልል ይሁን።