የከተማችሁን የሙያ ክፍተት እንዴት ትሞላላችሁ? መጠይቁን አስቀምጡና ፋብሪካ ግቡ

አንድ ዓመት 40 ልጆች በልብስ ስፌት አስመረቅን። ጭብጨባው፣ ፎቶው፣ ሁሉም ነገር ነበረ። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ አንዷ ተመራቂያችን ፋብሪካ ውስጥ መርፌ ሰበረች። ስባሪውን ቆሻሻ መጣያ ውስጥ ጥላ አዲስ መርፌ ጠየቀች። ሱፐርቫይዘሯ ላይኑን፣ ማለትም የስፌት መስመሩን በሙሉ፣ አስቆመች። ለውጭ ገበያ በሚሰፋ ልብስ ላይ መርፌ ከተሰበረ ቁርጥራጩ አንድ ሳይቀር ተገኝቶ ወረቀት ላይ ካልተለጠፈ አዲስ አይሰጥም። ስባሪው የሕፃን ልብስ ውስጥ ቢቀርስ? ማግኔት ይዘው ወለሉን ሲያስሱ ልጅቷ ጥግ ላይ ቆማ ታለቅሳለች። እኛ ይህን አንድም ቀን አላነሳንላትም። ፋብሪካዎቹ ምን ሙያ እንደሚፈልጉ የሚያጣራውን የፍላጎት ዳሰሳ የሠራሁት ደግሞ እኔው ነበርኩ።

ስለዚህ ወረዳ ጽሕፈት ቤት የምትሠሩም ሆናችሁ ኮሌጅ የምታስተምሩ፣ የኔን ስህተት አትድገሙ።

1. ዘርፍ ምረጡ። ሁለት ወይም ሦስት ይበቃል። ግን ፋብሪካዎቹን ለየብቻ አትዩአቸው። ኮምቦልቻን ውሰዱ። ጨርቃ ጨርቅ አለ፣ ቢራ አለ፣ ብረታ ብረት አለ፣ ከ2009 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ ኢንዱስትሪ ፓርክ አለ። ሥራቸው ለየቅል ይመስላል። ነገር ግን ቢራ ጠማቂውም ጨርቅ አቅላሚውም እንፋሎት ይፈልጋሉ፤ ቦይለር የሚይዝ ሰው ለሁለቱም ያስፈልጋል። ኤሌክትሪሻንና የጥገና መካኒክማ የማይፈልግ የለም። እንዲህ ያለ የጋራ ሙያ ካገኛችሁ ከእሱ ጀምሩ። አንዱ ፋብሪካ ቢዘጋ እንኳ ልጁ ሥራ አያጣም።

2. ክፍተቱን ፈልጉ። ጣጣው ያለው እዚህ ነው። እኔ ያኔ ያደረግሁት መጠይቅ አባዝቶ መላክ ነበር። የሰው ሀብት ክፍሎች «የልብስ ስፌት ባለሙያ ያስፈልገናል» ብለው ሞልተው መለሱልኝ። እኛም በእግር መኪና ሙሉ ቀሚስ መስፋት አስተማርን። ፋብሪካው ውስጥ ግን ሙሉ ቀሚስ የሚሰፋ ሰው የለም። አንዷ ቀኑን ሙሉ ኪስ ትለጥፋለች፣ ሌላዋ በኦቨርሎክ፣ ጠርዝ በሚቋጨው ማሽን፣ ጎን ትዘጋለች።

መጠይቅ አልወድም፤ ቢሮ ያለ ሰው የሚሞላው የቢሮውን መልስ ነው። ፈረቃ ሲቀየር ሂዱና የላይን ሱፐርቫይዘሮችን አግኙ። ሻይ ጋብዟቸው። «ምን ክህሎት ያስፈልጋችኋል?» አትበሉ። እንዲህ ብላችሁ ጠይቁ፦ ባለፈው ሳምንት የቱ ማሽን ቆመ? ስንት ሰዓት? ማን ጠገነው? ከአዲስ አበባ የምታስመጡት ባለሙያ አለ? አዲስ ሰው ሲገባ መጀመሪያ የሚያበላሸው ምኑን ነው? የመጨረሻዋ ጥያቄ ወርቅ ናት። ከዚያ ጥራት ተቆጣጣሪው የመለሰውን የተበላሸ ዕቃ ክምር አሳዩን በሉ። አንድ ዓይነት ጥፋት አሥር ጊዜ ካያችሁ ትምህርታችሁ እሱ ነው።

3. ሥልጠና የማይፈታውን ለዩ። አንዳንዱ ክፍተት የክህሎት አይደለም። በ2011 ዓ.ም. ስለ ሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ የወጣ አንድ ጥናት መነሻ ደመወዙ በወር 26 ዶላር ገደማ እንደነበር ጽፏል። ፋብሪካዎቹም በአማካይ በዓመት ውስጥ ሠራተኞቻቸውን በሙሉ ይተኩ ነበር ይላል። ደመወዙ የቤት ኪራይ ካልከፈለ የሠለጠነችውም ትሄዳለች። ይህን ለአሠሪው ፊት ለፊት ንገሩት። ሰርቪስ፣ ምሳ ወይም የጋራ መኖሪያ ካላሰበ ለእሱ አታሠልጥኑ። ከባድ ይመስላል፤ ሆኖም የሚባክነው የልጆቹ ጊዜ ነው።

4. አሠልጣኙን አስቀድሙ። በክረምት፣ ሁለት ሳምንት፣ ቱታ ለብሶ ፋብሪካ። የሚያኮርፍ ይኖራል፣ ይለምደዋል።

5. ውል ተዋዋሉ። በትብብር ሥልጠና አሠራራችን 70 በመቶው በድርጅት ውስጥ ተግባር፣ 30 በመቶው በኮሌጅ ነው ይባላል። ወረቀት ላይ ያምራል። ፋብሪካ ገብቶ መጥረጊያ ሲይዝ የሚከርም ልጅ ግን ሞልቷል። ውሉ ላይ ልጁ በየትኛው ማሽን እንደሚሠራ፣ በስም ማን እንደሚያሳየው፣ ጉዳት ቢደርስ ማን እንደሚያሳክም ጻፉ። የትራንስፖርቱንም አትርሱ፤ ልጆች የሚቀሩት አብዛኛውን ጊዜ ታክሲ አጥተው ነው።

6. የሲኦሲ (የሙያ ብቃት) ምዘናውን ቀጠሮ ሥልጠናው ሳያልቅ አስይዙ። ተመርቆ ወራት የጠበቀ እጁ ይረሳል።

7. በሦስተኛው ወር ደውሉ። ለሰው ሀብት ክፍሉ አይደለም፣ ሻይ ለጋበዛችሁት ሱፐርቫይዘር። ማን ቀረ? ማን ሄደ? ለምን? መልሱን ለሚቀጥለው ዙር ተጠቀሙበት። ለተመራቂዎቹም ደውሉ፤ ስትመዘግቡ ግን የእናታቸውንም ስልክ ያዙ። ልጆች ሲም ይቀይራሉ።