ለድረ ገጽ መጻፍ፦ ይዘቱን ማደራጀትና ሥራውን ሳያሳድሩ መጨረስ

ድረ ገጽ የሚከፍት ሰው መልስ ፈልጎ ነው የሚመጣው። የድረ ገጽ አጠቃቀም ተመራማሪው ጃኮብ ኒልሰን እ.ኤ.አ. በ1997 ባወጣው ጥናት ከተሳታፊዎቹ 79 በመቶው አዲስ ገጽ ሲያጋጥማቸው በዓይናቸው ቃኝተው ያለፉ ሲሆን፣ ቃል በቃል ያነበቡት 16 በመቶው ብቻ ነበሩ። ስለዚህ መልሱን በመጀመሪያው አንቀጽ ያስቀምጡ፤ ምክንያቱና ታሪኩ ከዚያ በኋላ ይደርሳል።

ከመጻፍዎ በፊት አንባቢው ይዞት የሚመጣውን ጥያቄ በራሱ አነጋገር ወረቀት ላይ ያስፍሩ፤ ንዑስ ርዕሶችዎ ከዚያው ይወጣሉ። «ተጨማሪ መረጃ» የሚል ንዑስ ርዕስ ለማንም ምንም አይነግርም፤ «የይለፍ ቃልዎ ከጠፋብዎ» የሚለው ግን የተቸገረውን ሰው በቀጥታ ይጠራዋል። ሊንክም እንዲሁ ነው። ማየት ለተሳናቸው ሰዎች ገጽ የሚያነቡ ሶፍትዌሮች ሊንኮችን ለብቻቸው ዘርዝረው ማቅረብ ስለሚችሉ፣ በአንድ ገጽ ላይ አሥር ጊዜ «እዚህ ይጫኑ» ብሎ የጻፈ ሰው ለእነዚህ አንባቢዎች አሥር ጊዜ ዝም ያለ ያህል ነው። «የማመልከቻ ቅጹን ያውርዱ» ይበሉ።

ይህን ሁሉ እያወቁ ሥራውን ለነገ ማሳደር የተለመደ ነው፤ እኔም የመግቢያዬን የመጀመሪያ ዓረፍተ ነገር እየጻፍኩና እየሰረዝኩ ሙሉ ጠዋት ያባከንኩበት ጊዜ አለ። ጥፋቱ ስንፍና አልነበረም፤ መጻፍንና መዳኘትን በአንድ ወንበር አስቀምጬ ነበር። አሁን ከሚቀለኝ ንዑስ ርዕስ እጀምራለሁ፣ ለ25 ደቂቃ ምንም ሳልሰርዝ እጽፋለሁ፣ ያላረጋገጥኩት ነገር ሲገጥመኝ «ቁጥሩ ይጣራ» ብዬ አልፋለሁ። መግቢያው በመጨረሻ ይጻፋል፤ እርማቱ ደግሞ ቢቻል በሌላ ቀን ይሁን።

ትናንት ባለመሥራትዎ ራስዎን መውቀስም ሥራውን አያፋጥንም። በካናዳ ካርልተን ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ላይ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመ ጥናት፣ ለመጀመሪያው ፈተና ጥናታቸውን በማዘግየታቸው ራሳቸውን ይቅር ያሉ ተማሪዎች ለሚቀጥለው ሲዘጋጁ መዘግየታቸው እንደቀነሰ አሳይቷል። ይቅር ማለት ግን ጽሑፉን አለመተቸት አይደለም። «አይረባም» የሚለው ስሜት ሲመጣ የትኛው መስመር እንደሆነ ይጠይቁት፤ «ሦስተኛው አንቀጽ ሁለት ጉዳይ አጭቋል» ብሎ ከመለሰ አንቀጹን ለሁለት ይክፈሉት፤ መስመሩን ማሳየት ካልቻለ ገጹን ለአንባቢ ይልቀቁት።