ቮልስ ገዝታችሁ ወደ ቀለም ቀቢ አትሩጡ

ባለፈው ሰሞን አንድ የሰፈር ልጅ ደወለልኝና ገና በቅጡ ሰላም ሳይለኝ "ጋሼ፣ ቮልስ ገዛሁ! ምን ቀለም ላስቀባት?" አለኝ። ፍሬኗ ይይዛል ወይ አልኩት፣ እሱን ገና አላየሁትም አለ። ወለሏስ? "ምንጣፍ አለበት፣ አሪፍ ነው።" ይሄን የምጽፈው ለሱ ነው፣ ለእንደሱ አይነቱም፣ ምክንያቱም እኔም ድሮ የሰራሁት ስህተት ይቺው ነች። የመጀመሪያ ቮልሴን ያገኘኋት ዘመድ ግቢ ውስጥ 11 አመት ቆማ ዶሮ ሲያድርባት ነው፣ ያለችኝን ብር ሰብስቤ ቀጥታ ባትላሜራ (የመኪና ቦዲ ጠጋኝ) ጋር ወሰድኳት፣ በሶስት ሳምንት እንደ ሙሽራ አብረቅርቃ ወጣች፣ ሰፈሩ ሁሉ ፎቶ ተነሳባት። ሁለት ክረምት እንኳን በቅጡ አላለፋትም፣ በሯ ስር ቀለሙ አረፋ አወጣ፣ በካቻቢቴ ነካ ሳደርገው ስቱኮው (ብረት ላይ የሚለጠፈው መሙያ) ተገምሶ ወደቀና ከውስጡ የተጠቀጠቀ ጋዜጣ ወጣ። ጋዜጣ! ያውም ገና የሚነበብ።

ስለዚ ቅደም ተከተሉ ይሄ ነው፦ መጀመሪያ ብረት፣ ከዛ ፍሬን፣ ከዛ ሞተርና ሽቦ፣ ቀለም መጨረሻ። ሰው ግን ተገልብጦ ነው የሚሰራው፣ የሚታየው ቀለም ስለሆነ።

ገና ያልገዛችሁ ካላችሁ ሁለት ነገር ይዛችሁ ሂዱ፣ የእጅ ባትሪና ከተበላሸ ስፒከር የወጣ ማግኔት። ማግኔቱን በጨርቅ ጠቅልላችሁ በበሩ ስር፣ በፓራፋንጎው (ጎማውን ከላይ የሚሸፍነው ብረት) ዙሪያ፣ በፊት ኮፈኑ ውስጥ ቅያሪ ጎማ በሚቀመጥበት ጉድጓድ ላይ አስጠጉት፣ ብረት ከሆነ ይስባል፣ ስቱኮ ከሆነ ዝም ነው። ከዛ የኋላ ወንበሩን አንሱ። የቮልስ ባትሪ የሚቀመጠው እዛ ስር በቀኝ በኩል ነው፣ አሲዱ ለአመታት እየተንጠባጠበ ወለሉን ይበላዋል፣ አስር ቮልስ ብታዩ ዘጠኙ እዛ ጋር ተበስቷል ብል ብዙም አላጋነንኩም። እግረ መንገዳችሁን የሻንሲ ቁጥሩን እዩ፣ እሱም ከኋላ ወንበሩ ስር መሀል ላይ ባለው ቱቦ መሰል ብረት ላይ ነው የተመታው፣ የሞተር ቁጥሩ ደግሞ ዲናሞው ከተቀመጠበት ስር አለ። ሁለቱንም ከሊብሬው ጋር አስተያዩ። ሞተር ከአንዷ ወደ ሌላዋ ሲዘዋወር የኖረበት አገር ስለሆነ አለመመሳሰል የተለመደ ነው፣ ግን ሻጩ ሳያስተካክል ብር እንዳትሰጡት፣ ኋላ የናንተ ጣጣ ነው የሚሆነው።

ለምን ቮልስ የሚለኝ ሰው አይጠፋም። መልሱ አጭር ነው፣ እንደሷ ለእጅ የምትመች መኪና የለችም። ከ21 ሚሊዮን በላይ ተሰርታለች፣ የመጨረሻዋ ከሜክሲኮ ፑዌብላ ፋብሪካ የወጣችው እ.ኤ.አ. በ2003 ነው፣ ስለዚ ዕቃዋ እስካሁን አዲስ ይመረታል። ሶማሌ ተራ ገብታችሁ ብትጠይቁ ዲናሞውም ካርቡሬተሩም ፓራፋንጎውም አንዱ ጋር አይጠፋም፣ ላስቲክና ጋስኬት ግን አሮጌ አትግዙ፣ ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ካላችሁ ሻንጣ ውስጥ ሁለት ኪሎ አይሞላም። ራዲያተር የላት፣ ውሃ የላት፣ ኮምፒውተር የላት። ፓራፋንጎዎቹ አራቱም በብሎን የታሰሩ ናቸው፣ ሞተሩ ራሱ ከካምቢዮ ጋር የተያያዘው በአራት 17 ቁጥር ብሎን ብቻ ነው፣ ሁለት ሰው ሆናችሁ አንድ ጥሩ ክሪክ ካላችሁ ከምሳ በፊት ታወርዱታላችሁ። ደሞ አሁን አሮጌ መኪና ከውጭ ማስገባት በ2012ቱ ኤክሳይዝ ታክስ የማይታሰብ ሆኗል፣ ከ2016 ወዲህ ጭራሽ የቤንዚን የቤት አውቶሞቢል ማስገባት ቆሟል፣ ስለዚ አገር ውስጥ ያሉትን ማዳን ነው ያለን አማራጭ።

ወደ ብረቱ እንግባ። ልጁ ቅዳሜ ቮልሱን ይዞልኝ መጣ፣ ምንጣፉን ገለጥን፣ በወለሉ በኩል የግቢዬን ኮብልስቶን አየነው። ወለል እንዲህ ከሆነ መለጠፍ ሳይሆን ቆርጦ መቀየር ነው የሚያዋጣው። ግራና ቀኙ ለየብቻ ስለሆነ አንዱን ጨርሳችሁ ወደ ሌላው ሂዱ፣ ሁለቱንም ባንዴ አትቁረጡ። ተዘጋጅቶ የሚመጣ ወለል ካላገኛችሁ ጥሩ ባትላሜራ ከላሜራ ያጥፍላችኋል፣ ግን ቅርፁ ላይ ያሉት ጉብታዎች ለጌጥ እንዳይመስሏችሁ፣ ላሜራውን የሚያጠነክሩት እነሱ ናቸው፣ ዝርግ ላሜራ ከተበየደ ስትነዱ እንደ ከበሮ ነው የሚጮኸው። ከወለሉ በላይ ግን የሚያሳስበኝ ከበሩ ስር ከፊት ወደ ኋላ የሚሄደው ውስጡ ባዶ የሆነ ብረት ነው። የሞተሩን ሙቀት ወደ ፊት የሚያመጣው እሱ ነው፣ ቦዲውንም ቀጥ አድርጎ የያዘው እሱ ነው፣ ከውስጥ ስለሚዝግ ከውጭ አይታይም። እሱን ስትቀይሩ ወይ ቦዲውን ከውስጥ በብረት ወጥሩት ወይ በሩን ዘግታችሁ በበሩ ዙሪያ ያለውን ክፍተት በየደረጃው እየለካችሁ ስሩ፣ ያለዚያ ስትጨርሱ በሩ አልዘጋ ይላችኋል፣ ይሄ ሲደርስ በአይኔ አይቻለሁ፣ ማስተካከያውም እንደገና መቁረጥ ነው።

ብየዳው ላይ በያጁን አታጣድፉት። ቀጭን ላሜራ በአንድ መስመር ተያይዞ ከተበየደ በሙቀት ይሸበሸባል፣ እዚህ ነጥብ፣ እዛ ማዶ ነጥብ፣ እስኪቀዘቅዝ ጠብቆ መሀሉን እየሞላ ነው መሄድ ያለበት። ከዛ በፊት ባትሪውን ፍቱ፣ ነዳጅ ታንኩን አውርዱ (ቮልስ ላይ ታንኩ ከፊት ኮፈኑ ስር ነው)፣ ምንጣፍና ወንበር የሚባል ነገር ውስጥ እንዳይቀር። ዝገቱን በሽቦ ብሩሽ አጽድታችሁ አንቲሩጂኒ (የዝገት መከላከያ ቀለም) ቀቡት፣ ብየዳው መጋጠሚያ ላይ ማሸጊያ አድርጉበት፣ ባዶ ብረቶቹ ውስጥ ደግሞ ሰም መሰሉን ፀረ ዝገት በቀጭን ቱቦ አስገቡ። አሮጌ ዘይት የሚረጩ አሉ፣ ከምንም ይሻላል፣ ግን ላስቲኩን ሁሉ ያበላሻል፣ ይሸታልም።

ፍሬን ላይ ነገር አላበዛም። በአብዛኞቹ ላይ አራቱም ታምቡር ነው። ዋናውን የፍሬን ፓምፕ፣ አራቱንም ጎማ ጋር ያሉትን ትናንሽ ሲሊንደሮች፣ ላስቲክ ቱቦዎቹን ሁሉ ቀይሩ፣ አሮጌ ላስቲክ ቱቦ ከውስጥ አብጦ ዘይቱ ሄዶ እንዳይመለስ ስለሚያደርግ ከውጭ ደህና መስሎ ጎማችሁን አንቆ ይይዘዋል። አየር ስታወጡ ከፓምፑ ከሚርቀው ጀምሩ፣ የኋላ ቀኝ፣ የኋላ ግራ፣ የፊት ቀኝ፣ የፊት ግራ። የድሮዎቹ የፍሬን መስመራቸው አንድ ብቻ ነው፣ አንድ ቦታ ካፈሰሰ አራቱም ጎማ ፍሬን የለውም ማለት ነው፣ ከእንጦጦ ስትወርዱ ይሄን አስቡት። ሁለት መስመር ያለውን ፓምፕ መግጠም ለኔ ከየትኛውም ቸርኬ የበለጠ ማሳመሪያ ነው።

ሞተሩ። ከመፍታታችሁ በፊት ከኋላ ያለውን ትልቁን ፑሊ በሁለት እጃችሁ ይዛችሁ ወደናንተ ሳቡት መልሳችሁ ግፉት። ትንሽ እንቅስቃሴ መኖሩ ጤና ነው፣ ከ0.15 ሚሊሜትር መብለጥ ግን የለበትም፣ ቀጭ ቀጭ እያለ በእጅ ከተሰማችሁ ክራንኩ የተቀመጠበት አልቋል፣ ሞተሩ መከፈት አለበት፣ ሻጭ ምንም ቢላችሁ። ሌላው ኮምፕሬሽን (ሲሊንደሩ ውስጥ የሚታመቀውን አየር ግፊት) መለካት ነው፣ እዚህ ላይ ኢንተርኔት አይታችሁ አትደንግጡ። አዲስ አበባ ወደ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ስለሆነች የአየሩ ግፊት ከባህር ጠለል ሶስት አራተኛ ገደማ ነው፣ ስለዚ ደህናው ሞተርም ቢሆን መጽሐፉ ላይ ካለው ቁጥር በታች ነው የሚያሳየው። እናንተ የምታዩት በአራቱ ሲሊንደሮች መካከል ያለውን ልዩነት ነው። ሶስት ቁጥር ሲሊንደር ብቻውን ከወረደ አትገረሙ፣ በድሮዎቹ ሞተሮች የዘይት ማቀዝቀዣው የሱን ንፋስ ስለሚጋርድበት ሁሌም ቀድሞ የሚቃጠለው እሱ ነው። በዚሁ በከፍታው ምክንያት ካርቡሬተሩም ቤንዚን ያበዛል፣ ካንዴላውን ፈታችሁ እዩት፣ ጥቁር ጥቀርሻ ከያዘ ዋናውን ጄት (ካርቡሬተሩ ውስጥ ቤንዚን የምታልፍበትን ቀዳዳ) አንድ ቁጥር ዝቅ አድርጉት፣ ቡኒ ከሆነ አትንኩት፣ ነጭ ከሆነ ግን ቤንዚን አንሷታል ማለት ስለሆነ ጄቱን መልሱት፣ አዳማ ወይ አዋሽ ድረስ የምትወርዱ ከሆነ ደግሞ ይሄን በደንብ አስቡበት፣ እዚህ የተመጠነው እዛ ሲደርስ ያንሳል።

ቫልቭ ማስተካከል ራሳችሁ ልትማሩት የሚገባ ስራ ነው፣ በየ5,000 ኪሎሜትሩ ስለሚያስፈልግ። ሞተሩ ሌሊቱን አድሮ የቀዘቀዘ መሆን አለበት፣ ትንሽም ከሞቀ ተዉት ለነገ። የቫልቩ ክፍተት መለኪያ 0.15 ሚሊሜትር ነው። የዲስትሪቢዩተሩን ክዳን ከፍታችሁ ውስጥ ያለው የሚዞረው ነገር ጫፉ ላይ ካለችው ጭረት ጋር እስኪገጥም ፑሊውን አዙሩ፣ ያ የአንድ ቁጥር ሲሊንደር ነው። እሱን ጨርሳችሁ ፑሊውን ከሰዓት በተቃራኒ ግማሽ ዙር አዙሩት ሁለት ይመጣል፣ ሌላ ግማሽ ሶስት፣ ሌላ ግማሽ አራት። በሰዓት አቅጣጫ ካዞራችሁ ግን ተራው 1፣ 4፣ 3፣ 2 ነው፣ ብዙ ጀማሪ እዚህ ጋር ነው የሚምታታበት። ዘይቱ ሁለት ሊትር ተኩል ብቻ ነው፣ እንደ ዘመናዊ መኪና የሚጣል ፊልትሮ የለውም፣ ከስር ወንፊት አለ፣ ዘይት በቀየራችሁ ቁጥር አውጥታችሁ እጠቡት።

ቺንጋው ከተበጠሰ ወይ የዲናሞው ቀይ መብራት እየሄዳችሁ ከበራ ባላችሁበት ቁሙ። ሌላ መኪና ቢሆን ጋራዥ ድረስ ትደርሱ ይሆናል፣ ቮልስ ላይ ግን ማራገቢያውን የሚያዞረው ያው ቺንጋ ነው፣ ማቀዝቀዣዋ በሙሉ እሱ ነው። በሞተሩ ዙሪያ ያሉትን ቆርቆሮዎችም "ለምን ይጠቅማል" ብሎ የሚጥል መካኒክ ካጋጠማችሁ መኪናችሁን ይዛችሁ ውጡ፣ ንፋሱን ወደ ሲሊንደሩ የሚመሩት እነሱ ናቸው።

አሁን እሳት። ቮልስ በብዛት የምትጠፋው በግጭት ሳይሆን በእሳት ይመስለኛል። የቤንዚን ቱቦው አርጅቶ ይሰነጠቃል፣ ትኩስ ሞተር ላይ ይንጠባጠባል፣ በቃ። የሞተሩ አካል ማግኒዚየም ያለበት ስለሆነ አንዴ ከተያያዘ ውሃ መድፋት ያብሰዋል። ቱቦውን ሁሉ ዛሬውኑ ቀይሩ፣ በየመጋጠሚያው ማሰሪያ ይኑረው፣ የዱቄት እሳት ማጥፊያ ከሹፌሩ ወንበር ስር አስቀምጡ። ሌላው ሰው የማያስበው የኋላ ወንበር ነው፣ የወንበሩ ሽቦ ሲረግብ የባትሪውን ጫፍ ይነካል፣ ወፈር ያለ ሰው ቁጭ ሲል ጭስ ይነሳል። ባትሪው ላይ ክዳን ይኑር፣ ከጠፋ ወፍራም ላስቲክ ቆርጣችሁ አልብሱት።

ሽቦ ላይ ብዙ አልቆይም፣ የድሮዎቹ 6 ቮልት ናቸው ከ60ዎቹ መጨረሻ (በፈረንጅ) ወዲህ ያሉት 12፣ ስድስቱን ወደ 12 የቀየረ ሰው ተጸጽቶ አላየሁም።

እሺ፣ ቀለም። መጀመሪያ ነገር ክረምት ላይ አታስቀቡ፣ ጥቅምት ይግባ። እርጥበት ቀለሙን ያፈዝዘዋል፣ ስቱኮ ደግሞ እንደ ስፖንጅ ውሃ ስለሚጠጣ ሳይሸፈን ካደረ ዝገቱን ከስር አስገባችሁት ማለት ነው። ስቱኮ ጠላት አይደለም፣ ከ2 ሚሊ በላይ ሲሆን ነው ጠላት የሚሆነው። በ80 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ጀምራችሁ በ180፣ በ320 እያላችሁ ከመጨረሻው ቀለም በፊት 600 ድረስ በውሃ ፈትጉ፣ እጃችሁን ብቻ ሳይሆን ጠፍጣፋ እንጨት ተጠቀሙ፣ ጣት ቦይ ይሰራል። ፓራፋንጎዎቹን ፈታችሁ ለየብቻ አስቀቡ። ቀቢያችሁ ማጠንከሪያ ያለው ቀለም ከረጨ ተራ የጨርቅ ማስክ አይበቃውም፣ ሳንባ ነው የሚጎዳው፣ ካርትሪጅ ያለው ማስክ ግዙለት እንጂ በዋጋ አትከራከሩት። የቀለም አይነት ለምትሉኝ እኔ ፋብሪካ የወጣችበትን ነው የምመርጠው፣ ከዳሽቦርዱ ጀርባ ወይ ከምንጣፉ ስር ዋናው ቀለም ሳይነካ ይገኛል። ቀይራችሁ ከሆነ ግን ሊብሬው ላይ አስቀይሩ፣ ሞተርም እንደዛው፣ ቦሎ ሰሞን ከምትሯሯጡ።

ዝቅ ማድረግ፣ ሰፊ ጎማ፣ የሚጮህ ማርሚታ የምትወዱ ልጆች አላችሁ፣ አውቃለሁ፣ እኔም አንድ ሰሞን አሞኝ ነበር። የኋላ አክሰሏ የድሮው ተወዛዋዥ የሆነ ቮልስ ዝቅ ሲል የኋላ ጎማዎቹ ከላይ ወደ ውስጥ ይጋደማሉ፣ ጎማ በውስጥ በኩል ይበላል፣ የአዲስ አበባን የፍጥነት መቀነሻ ጉብታ ደሞ ታውቁታላችሁ። ቸርኬ ስትገዙ የድሮዎቹ አምስት ብሎን የቅርቦቹ አራት ስለሆነ ቆጥራችሁ ሂዱ። የ1200 ሞተር አውጥቶ 1600 መግጠም ግን ሸጋ ነገር ነው፣ ፍሬኑ ቀድሞ ከተሰራ።

ስትጨርሱ ሀዋሳ እሄዳለሁ ብላችሁ እንዳትነሱ። መጀመሪያ 500 ኪሎሜትር ሰፈር ለሰፈር ንዷት፣ የጎማውን ብሎን እንደገና አጥብቁ፣ ቫልቩን እንደገና ለኩ፣ ዘይቱን ገና ትኩስ እያለ ነጭ ሳህን ላይ ቅዱት፣ ወንፊቱን አውጡና ጸሀይ ላይ አዙራችሁ እዩት። ዱቄት የመሰለ ግራጫ ነገር ካለ አዲስ ሞተር ነው ይለመዳል፣ በጥፍር የሚነሳ የሚያብረቀርቅ ቁራጭ ካለ ግን አታስነሷት፣ ክሪኩን አምጡ።