ለቫሪያብል ስም ስናወጣ የምንሠራቸው ስህተቶች

ፕሮግራሚንግ የጀመረ ሰው መልመጃ ሲሠራ የሚጨነቀው መልሱ ትክክል እንዲወጣለት ነው፤ ለቫሪያብሎቹ (ዋጋ ለሚያስቀምጥባቸው ባለስም ቦታዎች) የመጣለትን ስም ይሰጣል። ኮዱ ይሠራል። በሳምንቱ ሲከፍተው ግን የገዛ ጽሑፉ እንግዳ ይሆንበታል።

የአንድ ፊደል ስም። የሦስት ፈተና አማካይ አስላ ተብሎ «ሀ = 78፣ ለ = 85፣ ሐ = 91» ብሎ ይጀምርና «መ = (ሀ + ለ + ሐ) / 3» ይላል። ስሌቱ ልክ ነው፤ «መ» ምን እንደሆነ ለማወቅ ግን ወደ ላይ መመለስ ግድ ነው። ጮክ ብሎ ለጓደኛው ቢያነበው ደግሞ «ሀ» እና «ሐ» አይለዩም። በሉፕ (በሚደጋገም የኮድ ክፍል) ውስጥ ለቆጠራ ብቻ የምትገባዋ «አይ» (i) ትለፍ፤ እሷን ሁሉም ያውቃታል።

የሚዋሽ ስም። ለእኔ ከሁሉም የከፋው ይህ ነው። ተማሪው «አማካይ = 78 + 85 + 91» ይጽፍና በሚቀጥለው መስመር «አማካይ = አማካይ / 3» ይላል። መጨረሻ ላይ 84.67 ገደማ ይወጣል፣ ትክክል ነው። በሁለቱ መስመሮች መካከል ግን «አማካይ» የያዘው 254 ነው፤ ድምር እንጂ አማካይ አይደለም። ነገ እዚያ መሀል ውጤት የሚያሳይ መስመር የጨመረ ሰው 254ን አማካይ ብሎ ያወጣዋል። ምንም የማይናገር ስም ቢያንስ ያጠያይቃል፤ የሚዋሸውን ግን አምነነው እናልፋለን። መጀመሪያ «ድምር»፣ ቀጥሎ «አማካይ = ድምር / 3» ቢባል አንድ መስመር እንኳ አይጨምርም።

መለኪያውን መተው። «ርቀት = 5» ሜትር ነው ኪሎ ሜትር? እ.ኤ.አ. በ1999 ናሳ ማርስ ክላይሜት ኦርቢተር የተባለችውን መንኮራኩር ያጣው አንዱ ሶፍትዌር በፓውንድ ያወጣውን የግፊት ቁጥር ሌላው በኒውተን፣ ማለትም በሌላ የኃይል መለኪያ፣ እንደወጣ አድርጎ ስለወሰደው ነው። «ርቀት_በሜትር» ማለት ከመጀመሪያው መልመጃ ይለመድ።

የቋንቋውን ስም መውሰድ። ፓይተን በተባለው የፕሮግራሚንግ ቋንቋ «ማክስ» (max) ትልቁን ቁጥር የሚመርጥ ፋንክሽን፣ ማለትም በስሙ ሲጠሩት ሥራውን የሚሠራ የተዘጋጀ ኮድ ነው። «ማክስ = 91» ካሉ በኋላ ፋንክሽኑን ቢጠሩት፣ ቁጥር አይጠራም የሚል ስህተት ይመጣል። ጀማሪው ስህተቱ የታየበትን መስመር ሲያገላብጥ ይውላል፤ ጥፋቱ ያለው ግን ከላይ ነው።

የፊደል መምታታት። ፓይተን 3 በአማርኛ ፊደል ስም ማውጣት ይፈቅዳል፤ ለመልመጃ እወደዋለሁ። ይሁንና «ሰዓት» እና «ሠዓት» ለእኛ አንድ ቢሆኑም ለኮምፒውተሩ ሁለት ናቸው። ላይ በንጉሡ «ሠ» ጽፎ ታች በእሳቱ «ሰ» የጠራ፣ ስሙ አልታወቀም ይባላል።