ከምሥራቅ አሜሪካ ወደ አገር ቤት ስትደውሉ ሰዓቱን በአንድ ስሌት ማወቂያ

በዋሽንግተን፣ በኒው ዮርክ ወይም በአትላንታ የምትኖሩ ወገኖች ወደ ኢትዮጵያ ለመደወል ስታስቡ መጀመሪያ 7 ወይም 8 ሰዓት ደምራችሁ፣ ከዚያ ወደ አገር ቤት አቆጣጠር ለመመለስ 6 መቀነስ አያስፈልጋችሁም። ከማርች ሁለተኛ እሑድ እስከ ኖቬምበር የመጀመሪያ እሑድ ድረስ ስልካችሁ በሚያሳየው ሰዓት ላይ 1 ብቻ፣ በቀሪዎቹ ወራት ደግሞ 2 ደምሩ፤ ድምሩ ከ12 ካለፈ 12 ቀንሱለት። በጁላይ የእናንተ ሰዓት 8 ኤ.ኤም. ሲል አዲስ አበባ ላይ ከቀኑ 9 ሰዓት ነው፤ 8 ፒ.ኤም. ሲል ግን ከሌሊቱ 9 ሰዓት ስለሚሆን ቤተሰብ ተኝቷል፣ አትደውሉ።

ምክንያቱ ይህ ነው፦ የምሥራቅ አፍሪካ ሰዓት ከግሪንዊች 3 ሰዓት ሲቀድም፣ የእናንተ እንደ ወቅቱ 4 ወይም 5 ሰዓት ይዘገያል። የአገር ቤት አቆጣጠር ከንጋት ስለሚጀምር ከልዩነቱ ላይ 6 ሲቀነስ የሚተርፈው 1 ወይም 2 ነው። ኢትዮጵያ ሰዓቷን በዓመት ሁለት ጊዜ አትቀይርም፤ የሚቀየረው የአሜሪካው ብቻ ነው።

በሲያትልና በሎስ አንጀለስ የሚደመረው 4 ወይም 5 ነው። በአውሮፕላን ትኬት ላይ ያለው ሰዓት ግን የመነሻውና የመድረሻው ከተማ የየራሱ ሰዓት ስለሆነ በዚህ ስሌት አታስሉት፤ የአዲስ አበባውን ወደ አገር ቤት አቆጣጠር ለመመለስ 6 መቀነስ ብቻ ይበቃል።