ወርቅን ከወርቅ ስታወዳድሩ

ሱሉልታ ላይ የጠዋቱ ልምምድ ሲያልቅ ልጆቹ ላብ የጠጣ ቱታቸውን ሳይቀይሩ አስፋልቱ ዳር ካለችው ሻይ ቤት ይገባሉ። እኔም ረዳት አሰልጣኝ ነኝና የሩጫ ሰዓቴን አንገቴ ላይ እንዳንጠለጠልኩ እከተላቸዋለሁ። ሻዩ ሳይቀርብ ክርክሩ ይነሳል፤ በ800 እና በ1500 ሜትር የማን ድል ይበልጣል? ብዙ ጊዜ ሰምቼ ዝም ብያለሁ፤ ባለፈው ሳምንት ግን ትዕግሥቴ አለቀና ድሎችን ስናወዳድር የምንሠራቸውን ስሕተቶች አንድ በአንድ ነገርኳቸው። (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ድልን በሰዓት መመዘን

"ጋሼ፣ በ3 ደቂቃ ከ50 የተገኘ የኦሊምፒክ ወርቅ ምን ወርቅ ነው?" አለኝ አንዱ፣ ከአርሲ ከመጣ ገና ሦስት ወር ያልሞላው ልጅ። የሚያወራው ስለ ሪዮ 2016 ነው። እውነቱን ነው፣ አሜሪካዊው ማቲው ሴንትሮዊትዝ የወንዶቹን 1500 ሜትር ያሸነፈው በ3:50.00 ነው። ገንዘቤ ዲባባ ደግሞ ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ሞናኮ ላይ የሴቶቹን ክብረ ወሰን በ3:50.07 ሰብራለች። ልጁ ሁለቱን ቁጥሮች ጎን ለጎን አስቀምጦ ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም።

ብርጭቆዎቹን ሰብስቤ ጠረጴዛው ላይ ደረደርኩ። ክብረ ወሰን ለመስበር በሚሮጥበት ቀን አሯሯጭ፣ ማለትም ፍጥነቱን ለማስጠበቅ ከፊት የሚሮጥ ሰው አለ፤ ፍጥነቱ አስቀድሞ የተቆረጠ ነው፤ የሯጩ ሥራ ተከትሎ መጽናት ነው። ሻምፒዮና ላይ አሯሯጭ የለም። ለሌላው ነፋስ መከለል የሚፈልግ ስለሌለ ሁሉም እየተጠባበቀ ይንፏቀቃል፤ ከዚያ በመጨረሻው ዙር ይፈነዳል። አንዷን ብርጭቆ ወደ ውስጠኛው ጠርዝ አስጠጋሁ፤ አንዷን ከፊቷ፣ አንዷን ከጎኗ አደረግሁ። "ይህቺ አንተ ነህ፤ በል ውጣ" አልኩት። ገፋት፤ የጎኗ ብርጭቆ ተጋጭታ ሻዩ ሱሪው ላይ ፈሰሰ። "ወደቅህ" አልኩት። ሴንትሮዊትዝ ግን ከፊት ሆኖ ሩጫውን እንዳሻው አዘገየና የለንደን 2012 ኦሊምፒክ ሻምፒዮን አልጄሪያዊውን ታውፊቅ ማክሉፊን ከኋላው አስከትሎ ገባ። ይህ ችሎታ አይደለም የሚለኝ ካለ ብርጭቆዎቹ አሉ።

በዚያው ሪዮ ባለ ክብረ ወሰኗ ገንዘቤ በኬንያዊቷ ፌይዝ ኪፕዬጎን ተቀደመች። የአሸናፊዋ ሰዓት 4:08.92 ነበር። ሰዓት ቢፈርድ ኖሮ ያ ወርቅ አዲስ አበባ ገብቶ ነበር።

የሻይ ቤቷ እመቤት ብርጭቆዎቿን እያጉረመረመች ስለወሰደች ቀሪውን በባዶ ጠረጴዛ ነው የተናገርኩት።

ኦሊምፒክንና የዓለም ሻምፒዮናን አንድ አድርጎ መደመር

አንዱ በአራት ዓመት፣ ሌላው በሁለት ዓመት ይመጣል። ሞሮኳዊው ሂሻም ኤል ጌሩዥ ከ1997 እስከ 2003 በ1500 ሜትር አራት የዓለም ሻምፒዮና በተከታታይ ወስዷል፤ የርቀቱ የዓለም ክብረ ወሰን 3:26.00ም የእሱ ነው። በኦሊምፒክ ግን አትላንታ ላይ ወደቀ፤ ሲድኒ ላይ ኬንያዊው ኖህ ንጌኒ ቀደመው። አቴንስ 2004 ላይ 1500ውንና 5000ውን እስኪያሸንፍ ድረስ ሰው "ኦሊምፒክስ?" ማለቱን አልተወም። ንጌኒ በበኩሉ የዓለም ሻምፒዮና ወርቅ የለውም፤ በዚያች በአንዲት ማታ ግን ይኸው ስሙን እያነሳን ነው።

ከዚህ ተነስቶ የዓለም ሻምፒዮናን መናቅም ሌላ ጥፋት ነው። ኖርዌያዊው ያኮብ ኢንገብሪግትሰን የቶኪዮን የኦሊምፒክ የ1500 ሜትር ወርቅ አጥልቆ በዓለም ሻምፒዮና በ2022 በጄክ ዋይትማን፣ በ2023 በጆሽ ኬር ተሸንፏል። በዓለም ሻምፒዮና ያለፈው ሻምፒዮን ከአገሩ ኮታ ውጭ ስለሚገባ አንድ አገር በአንድ ርቀት አራት ሯጭ ሊያሰልፍ ይችላል፤ በኦሊምፒክ ከሦስት አያልፍም።

የቤት ውስጡን ከሜዳው ጋር መቀላቀል

የቤት ውስጡ ውድድር ትራኩ 200 ሜትር ነው፣ ብዙ ታላላቅ ሯጮችም ውድድሩን ይዘሉታል። ሳሙኤል ተፈራ በቤልግሬድ 2022 የዓለም የቤት ውስጥ ሻምፒዮና በ1500 ሜትር ኢንገብሪግትሰንን መቅደሙን ግን የሚያቃልልብኝ እንዳይኖር።

"እገሌ አልነበረም" ማለት

ይህቺ ስሕተት የእኔ ናት። መሐመድ አማን በሞስኮ 2013 የዓለም ሻምፒዮና በ800 ሜትር ወርቅ ሲያጠልቅ "ኬንያዊው ዴቪድ ሩዲሻ ስላልነበረ ነው" ብዬ ለሰው ሁሉ አውርቻለሁ። ሩዲሻ በጉዳት ቀርቶ ነበርና የተናገርኩት ሐሰት አልነበረም፤ ግን ግማሽ ነው። ሩዲሻ ለንደን 2012 ላይ 1:40.91 በሮጠበት ፍጻሜ አማን ስድስተኛ ነበር። ሦስት ሳምንት ቆይቶ ዙሪክ ላይ ያው አማን ያንኑ ሩዲሻን ቀደመው። ከዚያ በፊትም በ2011 ሚላን ላይ ቀድሞታል። ይህን ያስታወሰችኝ የ17 ዓመት ልጅ ናት፤ ያን ዕለት የሻዩን ሂሳብ እኔ ከፈልኩ።

የዘመኑን ሁኔታ መርሳት

የዓለም ሻምፒዮና የተጀመረው በ1983 ነው፤ ከዚያ በፊት የሮጠውን "የዓለም ሻምፒዮና የለውም" ብላችሁ አትውቀሱት። ኢትዮጵያም በ1976፣ በ1984 እና በ1988 ኦሊምፒክ አልተሳተፈችም።

የዕለቱን ውጤት ብቻ መያዝ

ለንደን 2012 የሴቶች 1500 ሜትር ላይ ኢትዮጵያ ተወልዳ ለባሕሬን የሮጠችው ማርያም ዩሱፍ ጀማል ሦስተኛ ሆና ገባች። ከፊቷ የነበሩት ሁለቱ በአበረታች መድኃኒት ምክንያት ውጤታቸው ተሰርዞ ዛሬ ወርቁ የእሷ ነው። የዚያን ማታ ቪዲዮ በስልኩ እያሳየ የሚከራከረኝ ልጅ አለ፤ መጀመሪያ የተስተካከለውን ዝርዝር ተመልክቶ ይምጣ።