ቂጥኝ በእርግዝና፦ ከእናት ምርመራ እስከ ሕፃኑ ክትትል

ነፍሰ ጡር ጤና ጣቢያ ሄዳ ካርድ ስታወጣ ደም ትሰጣለች። ብዙዎች የኤችአይቪ ውጤታቸውን ሰምተው እፎይ ብለው ይወጣሉ። ስለ ቂጥኝ የሚጠይቅ ጥቂት ነው። ቂጥኝ ግን እናቲቱ ምንም ሳይሰማት በእንግዴ ልጅ በኩል አልፎ ፅንሱን ይይዛል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው፣ ካልታከመ ከ50 እስከ 80 በመቶ በሚሆኑት እርግዝናዎች ላይ ጉዳት ያደርሳል፤ ፅንሱ ይጨነግፋል፣ ሞቶ ወይም ያለጊዜው ይወለዳል፣ አለዚያም በሽታውን ይዞ ይወለዳል። ይህ ሁሉ ደግሞ በፔኒሲሊን መርፌ የሚቀር ነው።

ከ12ኛው ሳምንት በፊት ክትትል ይጀምሩና በመጀመሪያው ቀን ይመርመሩ። «ቁስል የለብኝም» ብሎ መቅረት አያዋጣም። የቂጥኝ የመጀመሪያ ቁስል አያምም፤ የማህፀን በር ላይ ከወጣ ጭራሽ አይታይም፤ ሳይታከም በ3 እና በ6 ሳምንት መካከል ራሱ ይጠፋል። በሽታው ግን ደም ውስጥ ይቀራል። ገና በቅርቡ የተያዘ ሰው ደግሞ በምርመራ ነፃ ሊባል ስለሚችል፣ የመጀመሪያው ውጤት ነፃ ቢሆንም በ7ኛው ወር አካባቢና በወሊድ ጊዜ ምርመራው እንዲደገምልዎ ይጠይቁ።

ፈጣኑ ምርመራ ከጣት በሚወሰድ ጠብታ ደም ኤችአይቪንና ቂጥኝን አንድ ላይ ያሳያል። የመቆጣጠሪያው መስመር (ኪቱ በትክክል መሥራቱን የሚያሳየው) ካልወጣ ምርመራው ዋጋ የለውም፣ በአዲስ ኪት ይደገማል። የቂጥኙ መስመር ደብዘዝ ያለ ቢሆንም «አለ» ተብሎ ይነበባል። ኪቱ ላይ ከተጻፈው ደቂቃ አልፎ የታየ መስመር ግን አይታመንም።

ይህ ምርመራ አንድ ጉድለት አለው። ከዓመታት በፊት በደንብ ታክማ የዳነች ሴትንም «አለብሽ» ይላል፤ ብዙ ጊዜ ዕድሜ ልክ እንደዚያው ይቀራል። ስለዚህ ቀድሞ ታክመው ከሆነ፣ አገር ውስጥም ሆነ ውጭ፣ የመርፌዎቹን ቁጥርና ቀን የያዘውን ወረቀት ይዘው ይሂዱ። ማስረጃ ከሌለ መታከም ይሻላል፤ አንድ መርፌ በትርፍ መወጋት ሕፃን ከማጣት ጋር አይወዳደርም። በተቻለ መጠን መርፌው ከመሰጠቱ በፊት አርፒአር ወይም ቪዲአርኤል የሚባለው፣ የበሽታውን መጠን በቁጥር የሚያሳይ የደም ምርመራ ተሠርቶ ውጤቱ (ለምሳሌ 1፡16) ካርዱ ላይ ይጻፍ፤ በኋላ የሚነጻጸረው ከዚህ ቁጥር ጋር ነው። የአርፒአሩን ውጤት ለመጠበቅ ብሎ መርፌውን ማዘግየት ግን ስህተት ነው።

መርፌው ቤንዛቲን ፔኒሲሊን ነው፦ 2.4 ሚሊዮን ዩኒት፣ በጡንቻ፣ ብዙውን ጊዜ ለሁለት ተከፍሎ 1.2 ሚሊዮን በእያንዳንዱ መቀመጫ። በሽታው 2 ዓመት ያላለፈው መሆኑ ከታወቀ አንድ ጊዜ ይበቃል። ካለፈው ወይም መቼ እንደጀመረ ካልታወቀ (በተግባር አብዛኛው ሰው እዚህ ውስጥ ነው) በየሳምንቱ አንድ፣ በጠቅላላው ሦስት ጊዜ ይወጉታል። የሚበላሸውም እዚህ ላይ ነው፤ የመጀመሪያው መርፌ ያማል፣ ሁለተኛው ቀን ገበያ ወይም ልቅሶ ላይ ይውላል፣ ሦስተኛው ይረሳል። በመርፌዎቹ መካከል ያለው ጊዜ ከ14 ቀን መብለጥ የለበትም፤ በእርግዝና ግን ሳምንቱን ባይስቱ ይመረጣል፣ ከዘገየ ሕክምናው እንደገና ከአንድ ሊጀመር ይችላል። ፅንሱ በደንብ ታክሟል የሚባለው ሕክምናው ከወሊድ ቢያንስ 30 ቀን ቀድሞ ከተጀመረና ከተሟላ ነው።

ለሚወጉት ባለሙያዎች፦ መድኃኒቱ ወፍራም ስለሆነ ቀጭን መርፌን ይደፍናል፤ 21 ጌጅ ወይም ከዚያ የሰፋ ተጠቅመው ቀስ ብለው ይግፉ። በደም ሥር ፈጽሞ አይሰጥም፣ ልብ ሊያቆም ይችላል። ክሪስታሊንና ፕሮኬይን የሚባሉት ሌሎቹ የፔኒሲሊን ዓይነቶች ስማቸው ቢመሳሰልም መጠናቸውና ቀናቸው የተለየ ነው፤ ቤንዛቲን ከመደብር ሲጠፋ ያንኑ መጠን በሌላው መተካት አይቻልም። ድንገተኛ አለርጂ ቢነሳ አድሬናሊን በእጅ ይኑር፣ እናቲቱም ለ30 ደቂቃ ትቆይ።

መርፌውን ከወሰዱ በኋላ ባሉት 24 ሰዓታት ትኩሳት፣ ብርድ ብርድ ማለትና ራስ ምታት ሊመጣ ይችላል። ጀርሞቹ ሲሞቱ የሚከሰት እንጂ አለርጂ አይደለም፤ ፓራሲታሞልና ፈሳሽ ይበቃዋል። ከ20ኛው ሳምንት ካለፉ ግን ምጥ የሚመስል ቁርጠት ከመጣ ወይም የሕፃኑ እንቅስቃሴ ከቀነሰ ሌሊትም ቢሆን ጤና ተቋም ይሂዱ።

«ፔኒሲሊን አይስማማኝም» የሚሉ ከሆነ ምን እንደደረሰብዎት በዝርዝር ይንገሩ። ማስመለስና ማቅለሽለሽ አለርጂ አይደሉም። ፊት አብጦ፣ ትንፋሽ አጥሮ ወይም ራስ ስተው ከነበረ ግን ሆስፒታል ተኝተው፣ ፔኒሲሊኑ ከጥቂቱ እየጨመረ በሰዓታት ውስጥ ሰውነትዎ እንዲለማመደው ይደረጋል። ይህ ሁሉ የሚደከመው ኤሪትሮማይሲንና አዚትሮማይሲን እናቲቱን ቢያክሙ እንኳ ወደ ፅንሱ በበቂ ስለማያልፉ ነው። ዶክሲሳይክሊን ደግሞ ለነፍሰ ጡር አይሰጥም።

ባልየው ካልታከመ ሦስቱም መርፌ ከንቱ ሊሆን ይችላል። ለብዙዎች ከባዱ ይህ ነው፤ ቤት የፈረሰበትም አለ። አንድ ነገር ማወቅ ይረዳል፦ ቂጥኝ ለዓመታት ተደብቆ ስለሚቆይ፣ የደም ውጤቱ ማን እንዳመጣውም ሆነ መቼ እንደመጣ አይናገርም። አዋላጇ ሁለታችሁንም አንድ ላይ እንድታስረዳ መጠየቅ መብትዎ ነው። ሁለታችሁም ታክማችሁ ቢያንስ 7 ቀን እስኪያልፍ ግንኙነት አይኑር።

ከዚያ በኋላ አርፒአሩ ይደገማል። ሁለተኛው ቁጥር ሲያንስ ውጤቱ ወረደ ማለት ነው። ከ1፡16 ወደ 1፡8 መውረድ ለውጥ አይባልም፤ 1፡4 ከደረሰ (በአራት እጥፍ ካነሰ) ወርዷል ይባላል። ከወሊድ በፊት እዚያ ባይደርስ አይደንግጡ፣ ጊዜ ይወስዳል። ከ1፡4 ወደ 1፡16 ከወጣ ግን ዳግም ተይዘዋል ወይም ሕክምናው አልሠራም፤ በመጀመሪያ የባልዎ ሕክምና ይጣራ።

ሲወልዱ ካርዱን ለአዋላጇ ያሳዩ። ሕክምናው ካልተሟላ፣ ከወሊድ 30 ቀን ሳይቀድም ከተጀመረ ወይም በሌላ መድኃኒት ከተደረገ፣ ሕፃኑ ጤነኛ ቢመስልም ይታከማል። ምልክቶቹ ሲወለድ ላይታዩና ከሳምንታት በኋላ ሊመጡ ይችላሉ፦ የማያቋርጥ፣ አንዳንዴ ደም የቀላቀለ ንፍጥ፣ መዳፍና የውስጥ እግር ላይ ሽፍታ ወይም መላጥ፣ የሆድ መነፋት፣ ቢጫ መሆን፣ ሲነኩት የሚያለቅስበትና የማያንቀሳቅሰው እጅ ወይም እግር። ሕክምናው ክሪስታሊን ፔኒሲሊን በደም ሥር ወይም ፕሮኬይን በጡንቻ ከ10 እስከ 15 ቀን ነው። ለምሳሌ 3 ኪሎ ለሚመዝን ሕፃን ፕሮኬይን በኪሎ 50,000 ዩኒት ተሰልቶ በቀን አንዴ 150,000 ዩኒት ይሆናል። ከአንድ ቀን በላይ ከተቋረጠ ከመጀመሪያው ይጀመራል፤ «ተሽሎታል» ብለው ይዘው አይውጡ። ጡትዎ ላይ የቂጥኝ ቁስል ከሌለ ማጥባት ይችላሉ።

ሕፃኑን በፈጣኑ ኪት መመርመር ምንም አይነግርም፤ የእናቱ ፀረ አካል (ሰውነቷ በሽታውን ለመከላከል የሠራውና ኪቱ የሚያየው ነገር) እስከ 18 ወር ድረስ ደሙ ውስጥ ሊገኝ ይችላል። የሚከታተሉት አርፒአሩን ነው፦ በየ2 ወይም 3 ወሩ፣ ነፃ እስኪሆን። በ6 ወሩ ያልጠፋ ከሆነ እንደገና መመርመርና መታከም አለበት።